ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ እንቁላል በሥጋ በየጠዋቱ፣ ጥፋቱ የማን ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ27 ዓመት ወንደላጤ ነኝ፤ ጅማ ሄርማታ አካባቢ ተከራይቼ ነው የምኖረው። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ሥራ መግባት ስላለብኝ ሦስት እንቁላል ከተፈጨ ሥጋ ጋር በቂቤ ለብ ለብ አድርጌ፣ ሚጥሚጣ ነስንሼ በዳቦ እበላለሁ። ከላዩ ቡና። እስከ ምሳ አይርበኝም። ሥጋውን ማታ ገዝቼ አከራዬ ፍሪጅ ውስጥ ነው የማሳድረው። ጓደኛዬ ግን «ኮሌስትሮል ልታመጣ ነው፣ አስኳሉን ጣለው» ይለኛል። ሰሞኑን ይደክመኛል፣ ሆዴንም ይቆርጠኛል። ለመናገር ያሳፍራል እንጂ ሽንት ቤት ስገባ ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር አይቻለሁ። እንቁላሉን ልተወው?

መልስ፦ እንቁላሉን አትተወው። እንቁላሉ ምንም አላደረገህም። እኔን ያሳሰበኝ ያቺ «ለብ ለብ» ያልካት ነገር ናት።

ያየኸው ነገር በእኔ ግምት ኮሶ ነው። ማፈር ምን ያስፈልጋል? እኔ ራሴ ተለማማጅ ሐኪም እያለሁ ይዞኛል፤ ቀን ለበሽተኛ «ሥጋ አብስለህ ብላ» እያልኩ ማታ ከጓደኞቼ ጋር ጥሬውን እቆርጥ ነበር። የበሬ ሥጋ ውስጥ የሩዝ ፍሬ የምታክል ከረጢት ትኖራለች፣ በውስጧም ገና ያላደገ ትል አለ። በደንብ ሳይበስል ስትበላው አንጀትህ ላይ ተጣብቆ ሁለት ሦስት ወር ውስጥ ያድጋል፣ ብዙ ሜትር የሚረዝምበት ጊዜም አለ። ያየኸው ነጭ ነገር ከጅራቱ የተቆረጠ ቁራጭ ነው። ከተቆረጠ በኋላም በራሱ ይንቀሳቀሳል።

ስለዚህ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሂድ። ቁራጩን እንደገና ካየኸው በንጹሕ ዕቃ ይዘህ ሂድ፣ ካላገኘኸውም ሰገራህን ያዩልሃል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጊዜ ተውጦ ያልቃል። ፋርማሲ ገብተህ በግምት አትግዛ። የኮሶ ዛፍ አበባንም ቤት ውስጥ አትቀምም፤ አያቶቻችን ጠጥተውት ኖረዋል፣ እውነት ነው፣ ግን መጠኑን ማንም ለክቶ አይሰጥህም፣ ሲበዛም ሰው ይጎዳል። ድካሙን ደግሞ ሁሉንም በኮሶ ላይ አናላክክ። የደም ማነስ እንዳለህ እግረ መንገድህን ተመርመር።

ሚጥሚጣው ይገድለዋል ብለህ ከሆነ፣ አይገድለውም። ሚጥሚጣ ያቃጥላል እንጂ አያበስልም። ሎሚም አረቄም ያው ናቸው። በተለይ የተፈጨ ሥጋ ላይ አትቀልድ። ሙዳ ሥጋ ላይ ጀርሙ በአብዛኛው ውጪውን ነው የሚይዘው፤ ሲፈጭ ግን የላይኛው ወደ ውስጥ ይገባል፣ የመፍጫው ማሽን የትናንት ቅሪትም አብሮ ይቀላቀላል። ስለዚህ ሙዳውን ግዛና ወይ ፊትህ ይፈጩልህ፣ ወይ ቤትህ በቢላ አድቅቀህ ክተፈው።

አሁን ወደ ኮሌስትሮል እንምጣ። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ፕሮቲንና 200 ሚሊ ግራም ገደማ ኮሌስትሮል አለው፣ ኮሌስትሮሉም ያለው አስኳሉ ውስጥ ነው። እዚህ ላይ ጓደኛህ ልክ ነው። ግን ደም ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል አብዛኛውን የሚሠራው የራስህ ጉበት ነው፤ ጉበትን ይበልጥ የሚያነሳሳው ደግሞ እንደ ቂቤና የሥጋ ጮማ ያለ የሚረጋ ስብ ነው። ሁለት እንቁላል ውስጥ 3 ግራም ያህል እንዲህ ያለ ስብ አለ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቂቤ ውስጥ ግን ወደ 8 ግራም። አስኳሉን ጥለህ ቂቤውን ብታስቀር ምን ዋጋ አለው? ሦስቱን እንቁላል ሁለት አድርገው፣ ቂቤውን በአንድ ማንኪያ ፈሳሽ ዘይት ተካው፣ ሥጋውንም ቀይ ምረጥ። ስኳር ወይም ኮሌስትሮል ያለበት ሰው ግን የእንቁላሉን ቁጥር ከራሱ ሐኪም ጋር ይወስን፤ ይህ ምክር ለአንተ ነው።

ጊዜ የለኝም እንዳትለኝ ደግሞ እኔ የማደርገውን ልንገርህ። ሥጋውን ማታውኑ አበስለዋለሁ። ሽንኩርት በትንሽ ዘይት አቁላልቼ፣ የእጅ መዳፍ የምታክል ሥጋ ጨምሬ፣ ቅላቱ ጠፍቶ ቡናማ እስኪሆንና ውሃው እስኪመጥ አማስላለሁ። ለብ ሲል ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ይገባል። ጠዋት መጥበሻውን ጥጄ ሥጋውን ጢስ ጢስ እስኪል አሞቀዋለሁ፣ ቲማቲምና ቃሪያ እከትፍበታለሁ፣ ከዚያ የተመታውን እንቁላል አፈስበታለሁ። የሚፈስ ነገር እስኪጠፋ ብቻ አማስላለሁ፤ ከዚያ በላይ ከቆየ እንደ ላስቲክ ይሆናል። ጨው በመጨረሻ፣ ቆንጠር። ከ10 ደቂቃ አይበልጥም። ቲማቲሙና ቃሪያው ለማጣፈጫ ብቻ አይደሉም፤ ቫይታሚን ሲ ስላላቸው ሰውነትህ ደም የሚሠራበትን ብረት ከምግቡ እንዲወስድ ያግዙታል።

እንቁላል ብቻ መቀቀል ካማረህም ትንሽ ታገስ። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ከፈላ በኋላ 12 ደቂቃ ስጠው። የሐበሻ እንቁላል ይሻላል ወይስ የፈረንጅ የሚለው ክርክር ሁሌም አለ፤ አስኳሉ ቢጫ የሚሆነው ዶሮዋ በበላችው ነው፣ በጣዕሙ አልከራከርህም፣ በፕሮቲን ግን ያን ያህል ልዩነት የለውም። የተሰነጠቀውን ብቻ አትግዛ።

ቡናውን... ጅማ ተቀምጬ ቡና ተው ብል ከከተማ ያባርሩኛል። ተው አልልህም፣ አንድ ሰዓት አዘግየው። ከምግብ ጋር የሚጠጣ ቡናና ሻይ ብረቱን ይይዘዋል፤ ለሚደክመው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሥራ ቦታህ ደርሰህ ጠጣው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። አከራይህ ፍሪጁን ሌሊት ይነቅሉታል? ቆጣሪ እንዳይቆጥር ብለው ማታ የሚነቅሉ ብዙ ቤት አውቃለሁ። መብራት ጠፍቶ ያደረበት ቀንም አለ። እንደዚያ ከሆነ የበሰለውም ሥጋ አድሮ አይበላ፣ በዚያ ቀን እንቁላል ብቻ ጥበስ። ዛሬ ማታ ጠይቃቸው።