መጽሐፉ ባጃጅ አሳፈረኝ፣ ወንድሜ ግን ይስቅብኛል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። አምድዎን አዘውትሬ አነባለሁ፣ ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው። የምኖረው ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ነው። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ከመናኸሪያ ወደ ቤት ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ተገለበጠ። እኔ እጄን ተሰብሬ ተረፍኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ግን ክፉኛ ተጎዳች፣ ተሸክመው ሲወስዷት ነው ያየኋት። ከዚያ ወዲህ ባጃጅ አይሆንልኝም። ሥራ የምሄደው በእግሬ ነው። ዝናቡ ሲጠና እቀራለሁ፣ አለቃዬም ሰልችቷታል። ሻሸመኔ ያለችውን አክስቴን ካየኋት ቆየሁ። በቅርቡ ፒያሳ ከአዟሪ ላይ አንድ የትርጉም መጽሐፍ ገዛሁ። ደራሲው ፈረንጅ ነው፣ እሱም ከአደጋ በኋላ ከቤት መውጣት አቅቶት እንደነበር ይተርካል። እያነበብኩ አለቀስኩ። በሳምንቱ ላቤ እየወረደ እስከ ፍቅር ሐይቅ በባጃጅ ሄድኩ! ወንድሜ ግን «በቃ ዳንሽ? ዘንድሮ ስለትሽን ቁልቢ ሳይሆን ለደራሲው አስገቢ» እያለ መሳቂያ አደረገኝ። እውነት መጽሐፍ ሰው ይፈውሳል ወይስ ለጊዜው ሞቅ ብሎኝ ነው? ሌላው፣ ደራሲው አንድ ምዕራፍ ላይ በሰው ላይ የሚደርሰውን ሁሉ ሰውየው ራሱ በሐሳቡ እንደሚጠራው ጽፏል። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ያቺ ልጅ በሕልሜ ትመጣብኛለች። ምን ላድርግ?
ፈሪዋ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ እህቴ፣ ከወንድምሽ ልጀምር። ቀልዱ ጥሩ ነው፣ እኔንም አስቆኛል። ግን ባጃጁ ላይ የወጣችው እህቱ መሆኗን የረሳ ይመስለኛል። ደራሲው ሐዋሳን በካርታም አያውቃት ይሆናል። ላቡም የወረደው ያንቺ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ «ፈሪዋ» ብለሽ መፈረምሽን ተዪ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። መጽሐፉ ምን አደረገልሽ? እንደገባኝ ሁለት ነገር። አንደኛው፣ ሌላ ሰውም እንዲህ ሆኖ እንደሚያውቅ ነገረሽ። ሁለት ዓመት ሙሉ «እኔ ብቻ ነኝ እንዲህ የሆንኩት፣ ሰው ሁሉ ተሳፍሮ ይሄድ የለ» እያልሽ ስታፍሪ ከርመሻል ብዬ እገምታለሁ፣ እና አንድ የማታውቂው ሰው ከሩቅ አገር «እኔም» ሲልሽ እንባሽ መጣ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለተኛው፣ ወደምትፈሪው ነገር ገፋ አደረገሽ።

ይህ ሁለተኛው ነው ሥራውን የሚሠራው። ባጃጅ በቀረሽ ቁጥር እፎይ ትያለሽ፣ ሰውነትሽም «የተረፍኩት ስላልተሳፈርኩ ነው» ብሎ ይይዘዋል። ፍርሃቱ የሚደልበው በዚያ እፎይታ ነው። መድኃኒቱ ደግሞ አዲስ ግኝት አይደለም። በ1924 በፈረንጆቹ ሜሪ ከቨር ጆንስ የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ጥንቸል የሚፈራ አንድ ሕፃን ታሪክ ጽፋለች። ልጁ የሚወደውን ምግብ እየበላ ጥንቸሏን በጥቂት በጥቂቱ አቀረበችለት፣ በመጨረሻ በእጁ ነካት። ዛሬም ሐኪሞች ለፍርሃት የሚያደርጉት ከዚህ ብዙም አይርቅም። ያንቺ ጥንቸል ባለ ሦስት እግር ሆነች እንጂ።

መጽሐፍ ብቻውን ይፈውሳል ወይ? ተፈትኖ የታየ አለ። ዴቪድ በርንስ የሚባል አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም በ1980 ለድብርት የሚሆን መጽሐፍ አሳተመ፣ ተመራማሪዎችም ድብርት ላለባቸው ሰዎች ሰጥተው ለአራት ሳምንት እንዲያነቡት አደረጉ። ተራ ይጠብቁ ከነበሩት ይልቅ ያነበቡት ተሻላቸው። ልብ በዪ ግን፣ መጽሐፉ መልመጃ የሞላበት ነው፣ ተመራማሪዎቹም በየሳምንቱ ስልክ እየደወሉ እንዴት እየሄደላቸው እንደሆነ ይጠይቋቸው ነበር። ወደ እኛ ቀረብ ያለም አለ። ሰሜን ዩጋንዳ ባለ የስደተኞች ሰፈር የደቡብ ሱዳን ሴቶች የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውን፣ በድምፅ የተቀረጸና በሥዕል መጽሐፍ የታገዘ ትምህርት በአምስት ጊዜ በቡድን ተከታተሉ። በ2020 የወጣው ውጤት ጭንቀታቸው እንደቀነሰ ያሳያል። እነዚህ ሴቶች ያዩትን መከራ አስቢው። እዚያም ቢሆን ግን አንብበው «ወይ ጉድ» ብለው አልተኙም፣ ተለማመዱት፣ ደግሞ ብቻቸውን አልነበሩም።

ስለዚህ ሞቅ ያለሽ ለጊዜው ይሁን አይሁን የሚወስነው ከፍቅር ሐይቁ ጉዞ በኋላ የምታደርጊው ነው። አንዴ ተሳፍረሽ ወር ከቆየሽ ፍርሃቱ ተመልሶ ይመጣል። አጭር መንገድ ምረጪ፣ ያንኑ መንገድ ደጋግመሽ ሂጂበት። ልብሽ ሲመታ «አልወርድም» ብለሽ ጥርስሽን ነክሰሽ ቆዪ፣ ፍርሃቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ከወረድሽ ያን እፎይታ ነው ይዘሽ የምትወርጂው። ያ መንገድ ሲሰለችሽ (አዎ፣ መሰልቸት ነው የምንፈልገው!) ራቅ ያለ፣ ከዚያ ማታ፣ ከዚያ በመናኸሪያ በኩል። አክስትሽ ዘንድ መሄጃው ሚኒባስ መጨረሻ ላይ ይምጣ። ወንድምሽም ሥራ አለው። የመጀመሪያዎቹን ጉዞዎች አጠገብሽ ተቀምጦ ይሂድ፣ ሒሳቡንም እሱ ይክፈል። እንደ ልቡ ይሳቅ፣ ግን ተሳፍሮ ይሳቅ። ሦስት ሰው ከሞላ በኋላ «ጠጋ ጠጋ በሉ» የሚል ሾፌር ካጋጠመሽ መውረድ ፍርሃት አይባልም፣ ውረጂ።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ላይ ግን አልቀልድም። ያ ምዕራፍ ስህተት ነው። ባጃጅ የሚገለበጠው በፍጥነት፣ በጎማ፣ በመንገድ፣ በትርፍ ሰው ነው። አንቺ አልጠራሽውም፣ ያቺ ልጅም አልጠራችውም። ይህ አስተሳሰብ ከየት እንደመጣ ልንገርሽ። አሜሪካ ውስጥ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፊንያስ ኩዊምቢ የሚባል ሰዓት ሠሪ ነበር፣ በኋላ ፈዋሽ ሆነ። በሽታ የሚመጣው ከተሳሳተ እምነት ነው ይል ነበር። ከእሱ በኋላ የመጡት ሐሳቡን እያሰፉ ሀብቱንም ድህነቱንም አደጋውንም ጨመሩበት፣ ዛሬ ብዙ የራስ አገዝ መጽሐፍ ውስጥ ተሰንቅሮ ታገኚዋለሽ። ለተሳካለት ሰው ደስ ይላል። ለተጎዳ ሰው ጭካኔ ነው።

ሌላ ዓይነት ደራሲም አለ። ቪክቶር ፍራንክል የቪየና የአእምሮ ሐኪም ነበር፣ አይሁዳዊ። ናዚዎች ካምፕ አስገቡት፣ አውሽቪትዝንም አይቷል። አባቱ፣ እናቱ፣ ወንድሙና ሚስቱ አለቁ። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1946፣ ያየውን አሳተመ። አንድም ቦታ እስረኞቹ መከራውን ጠሩት አይልም። የሚለው ሌላ ነው፤ ሁሉ ነገር ቢወሰድብንም መከራውን እንዴት እንደምንቀበለው የምንመርጥባት ትንሽ ቦታ ትቀረናለች ነው የሚለው። የሁለቱ ልዩነት ሰማይና ምድር ነው። አንዱ ስለ ትናንት ይከስሻል፣ ሌላው ስለ ነገ ይጠይቅሻል። እና መጽሐፉን አትጣዪው፣ የጠቀመሽን ያዢ፣ ያቺን ምዕራፍ ግን ዝለያት። ደራሲ ታቦት አይደለም። ሽፋኑ ላይ «በሚሊዮኖች የተሸጠ» የሚል ስላለበት ሁሉም ገጽ ልክ ነው ማለት አይደለም፣ ምስማርም በሚሊዮን ይሸጣል።

አንድ ነገር ደጋግሜ ስፈልግ ደብዳቤሽ ላይ አጣሁት። ልጅቷ እንዴት ሆነች? ትኑር አትኑር አልነገርሽኝም፣ ምናልባት አንቺም አታውቂም። መጽሐፉ ስለ አንቺ ነው የሚያወራው፣ ስለ እሷ አይደለም፣ እሷ ደግሞ በሕልምሽ የምትመጣው ያልተጠየቀች ስለሆነች ይመስለኛል። የሐዋሳ ባጃጅ ሾፌሮች እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፣ ሰው አይጠፋም። አፈላልጊያት። ካለች ብርቱካን ይዘሽ ግቢና «እንዴት ነሽ» በያት። ይቅርታ ለመጠየቅ አይደለም፣ ጥፋት የለብሽማ። ከሌለችም ቤተሰቧን እግዜር ያጥናችሁ በያቸው። ከባጃጁ ይልቅ ይሄኛው ይከብድሻል፣ ብቻሽን አትሂጂ።

ሕልሙ ካልተወሽ፣ የባጃጅ ጥሩንባ በሰማሽ ቁጥር ከደነገጥሽ፣ እንቅልፍ ካጣሽ፣ እንዲህ ያለው ነገር ከወር በላይ ከቆየ መጽሐፍ አይበቃም፣ የኔ አምድም አይበቃም። በዩኒቨርሲቲው ሪፈራል ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች አሉ። እዚያ መሄድ ማበድ አይደለም። ጠበልም ከጀመርሽ አትተዪው፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ጥያቄ፦ የጓደኛዬ እናት ካረፉ ገና ሳምንታቸው ነው። እኔን አንድ የሚያበረታታ መጽሐፍ በጣም ስለረዳኝ ለእሷም ልገዛላት አሰብኩ። የቱን ይመክሩኛል?
ከታቦር ሰፈር

መልስ፦ ለጊዜው የትኛውንም። ልብሽ ጥሩ ነው፣ ግን እናቷን የቀበረች ሰው አንድ ገጽ አንብባ ምን እንዳነበበች አታስታውስም። ለቅሶ ቤት ሂጂና ቁጭ በይ። ቡና አፍዪ፣ ዕቃ እጠቢ፣ ስለ እናቷ ስታወራ አታቋርጫት። «ጠንከር በዪ» የሚላት ሰው ሞልቷል፣ አንቺ አትጨምሪበት። ከአርባው በኋላ ሰዉ ወደየቤቱ ሲመለስ ነው የሚከፋው፣ ያኔ መደወል እንዳትረሺ።

ስጦታ ካልሰጠሁ ካልሽ ደብተር ግዢላት። ጄምስ ፔንቤከር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1986 ባወጣው ጥናት ተማሪዎች በሕይወታቸው ስለከበዳቸው ነገር ለአራት ቀን፣ በቀን 15 ደቂቃ እንዲጽፉ አድርጎ ነበር፣ ስሜታቸውንና የሆነውን አንድ ላይ የጻፉት በቀጣዮቹ ወራት ወደ ክሊኒክ መመላለሳቸው ቀነሰ። ሲጽፉ መጀመሪያ ያስለቅሳል፣ ያንን ንገሪያት። ከጻፈች በኋላ አሳዪኝ አትበያት፣ ካልጻፈችበትም አትጠይቂያት።