የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የ13 ቁልፍ ለምን አልገባም?

ጥያቄ፦ የሰበታ ነዋሪ ነኝ። ከአያቴ የወረስኩትን፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተሠራ እንግሊዛዊ ቢኤስኤ ቢ31 ሞተር ሳይክል ራሴ እያደስኩ ነው። በአብዛኞቹ ዳዶዎች ላይ 13 ሚሊ ሜትር ቁልፍ አይገባም፤ 14 ደግሞ እየተሽከረከረ ጠርዛቸውን ይበላዋል። ከካርተሩ (ከሞተሩ ቅርፊት) የጠፋውን ብሎን በ8 ሚሊ ሜትር ልተካ ስሞክር ሁለት ሦስት ዙር ገብቶ ያዘ። የሰፈራችን መካኒኮች «ቀዳዳውን በ8 አዲስ ጥርስ እናውጣለት» ይሉኛል። ልስማማ?

መልስ፦ እባክዎ አይስማሙ። ብሎኑ ሲይዝ በግድ ካላጠበቁት ካርተሩ ደኅና ነው፤ አዲስ ጥርስ ከወጣበት በኋላ ግን ወደ ቀድሞው መመለስ ከባድ ነው።

ሞተርዎ የተሠራው በኢንች ነው፤ ያውም ከአንድ በላይ በሆነ የኢንች ሥርዓት። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆሴፍ ዊትዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1841 ያወጣው ደረጃ 55 ዲግሪ ማዕዘን ያለው ሻካራ ጥርስ ሲሆን፣ በ1908 በዚሁ ማዕዘን ደቃቅ ጥርስ ያለው ሌላ ደረጃ ተጨመረ። የብስክሌት መሐንዲሶች ደግሞ በ1902 የራሳቸውን አውጥተው ነበር፤ እሱም 60 ዲግሪ ሆኖ በአብዛኛው በአንድ ኢንች 26 ጥርስ አለው። እንደ ቢኤስኤ ያሉት ፋብሪካዎች ብስክሌትም ይሠሩ ስለነበር ይህንኑ ወደ ሞተር ሳይክል ይዘውት መጡ። ስለዚህ በአሉሚኒየም ካርተር ውስጥ፣ ብረቱ ለስላሳ በመሆኑ፣ ሻካራው ዊትዎርዝ ይበዛል፤ በሻሲውና በጎማ ዘንጎች ላይ ደግሞ የብስክሌቱ ጥርስ ያመዝናል። በሁለቱም ጫፍ ጥርስ ያለው ብሎን ሲያገኙ አንዱ ጫፍ ሻካራ ሌላው ደቃቅ ሊሆን ስለሚችል፣ ከመንቀልዎ በፊት የትኛው ወደ ካርተሩ እንደገባ ምልክት ያድርጉ።

አሁን ወደ ቁልፉ እንምጣ። በዊትዎርዝ ቁልፍ ላይ የተቀረጸው ቁጥር የቁልፉን አፍ ስፋት ሳይሆን የብሎኑን ውፍረት ነው የሚናገረው። 1/4 ዊትዎርዝ የተባለው ቁልፍ አፉ 13.3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ 13 አልገባ ያለዎትና 14 የሚሽከረከርብዎት በዚህ ምክንያት ነው። 5/16 ደግሞ 15.2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ገበያ ላይ «የኢንች ቁልፍ» ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው የአሜሪካ ነው፤ የእሱ ቁጥር የአፉን ስፋት ስለሚለካ 1/2 የሚለው 12.7፣ 9/16 የሚለው 14.3 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለቱም ለእርስዎ ዳዶ አይሆኑም። «ዊትዎርዝ» ወይም የዚያ ምህጻር (W ወይም BSW) የተቀረጸበትን አሮጌ ቁልፍ መርካቶ ምናለሽ ተራ ላይ ጊዜ ሰጥቶ መፈለግ፣ አዲስ የተሳሳተ ስብስብ ከመግዛት እጅግ ይሻላል።

ስለ ጠፋው ብሎን፦ ቀዳዳው የ5/16 መሆኑ አይቀርም። ይህ ውፍረት 7.94 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከ8 ጋር ለዓይን አንድ ይመስላል። ልዩነቱ ጥርሱ ላይ ነው። የ8 ሚሊ ሜትር ብሎን ከጥርስ ጥርስ ያለው ርቀት 1.25 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የሻካራው 5/16 ርቀት 1.41፣ የደቃቁ 1.15 ነው። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች እሺ ይሉና ልዩነቱ እየተደመረ ሲሄድ ይጣበቃል፤ ከዚያ በኋላ ቢያስገድዱት የሚቆረጠው አሉሚኒየሙ ነው። መካኒኮቹ ያሰቡትም መፍትሔ አይሆንም፦ ሁለቱ ውፍረቶች እኩል ሊሆኑ ጥቂት ስለሚቀራቸው አዲሱ ጥርስ በአሮጌው ላይ ተሻግሮ ይቆረጣል እንጂ ንጹሕ ብረት አያገኝም፤ የሚቀረውም ደካማ ጥርስ ነው።

የጥርስ መለኪያ ከሌለዎት ካንዴላውን ይጠቀሙ። የሞተርዎ ካንዴላ፣ ሞተሩ እንግሊዛዊ ቢሆንም፣ 14 ሚሊ ሜትር ሆኖ የጥርሱ ርቀት 1.25 ነው። የሚጠራጠሩበትን ብሎን ከካንዴላው ጥርስ ጋር አጋጥመው ብርሃን ላይ ይያዙት፤ እስከ መጨረሻው ከተጋጠመ የ8 ሚሊ ሜትር ብሎን ሊሆን ይችላል፣ እየራቀ ከሄደ ግን ርቀቱ 1.25 የሆነው የ8 ብሎን አይደለም። በአንድ ኢንች 20 ጥርስ ያለው ብሎን ርቀቱ 1.27 ስለሆነ በዚህ ዘዴ ሊያታልል ይችላል፤ ያን ጊዜ ውፍረቱን በካሊፐር ይለኩ፤ 1/4 ዊትዎርዝ 6.35 ሚሊ ሜትር ነው።

ትክክለኛው ብሎን ካልተገኘ ቶርኖ ቤት ያስወጡት። ባለሙያውን «ይህን የመሰለ ሥራልኝ» ብቻ አይበሉት፤ በአንድ ኢንች ስንት ጥርስ እንደሆነና ማዕዘኑ 55 ወይም 60 መሆኑን ጽፈው ከናሙናው ጋር ይስጡት። የቀዳዳው ጥርስ ከዚህ በፊት ተበልቶ ከሆነ፣ ሄሊኮይል የሚባለውን የሽቦ ጥምጥም በዚያው በዋናው የኢንች ጥርስ ማስገባት ይቻላል፤ እኔ ከማስፋት ይህን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ከለገጣፎ ነው የምጽፈው። የአሮጌ ቬስፓዬን ካርተር የሚያያይዙት ብሎኖች ከ6 ይወፍራሉ፣ ከ8 ይቀጥናሉ። እነዚህም ኢንች ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም። ቬስፓ ጣሊያናዊ ነውና ሚሊ ሜትር ነው፤ የያዙት 7 ሚሊ ሜትር ሲሆን የጥርሱ ርቀት 1 ሚሊ ሜትር፣ ቁልፉም 11 ነው። 7 በየሱቁ ስለማይገኝ ብዙ ሰው ቀዳዳውን ወደ 8 ያሰፋዋል፤ ግን ቶርኖ ቤት፣ አናቱ ላይ 8.8 (የጥንካሬ ደረጃው) የተጻፈበትን ረጅም የ8 ብሎን ጥርስ በሌለው ክፍሉ ወደ 7 አቅጥኖ ጥርስ ሊያወጣለት ይችላል። የብሎኑን አናትም ወደ 11 እንዲያሳንሰው ይንገሩት።