ኪወርድ ፕላነር «ውድድሩ ዝቅተኛ ነው» ይላል፣ ገጼ ግን አይወጣም ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። «ላሊበላ ላይ የእንግዳ ማረፊያ አለን፤ ኪወርድ ፕላነር ‹ላሊበላ ሆቴል› የሚለውን ውድድሩ ዝቅተኛ ነው ይለኛል፤ ገጻችን ግን ጎግል ላይ የትም የለም፣ ውድድሩን በምን ልለካው?» ነው ያልሽው። እኔ ደሴ ሆኜ ለሆቴሎችና ለአስጎብኚዎች ዌብሳይት እሠራለሁ፤ ይሄን ጥያቄ ያልጠየቀኝ ደንበኛ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

መጀመሪያ ያ «ዝቅተኛ» የሚለው። ኪወርድ ማለት ሰው ጎግል ላይ ጽፎ የሚፈልግበት ቃል ነው፤ ኪወርድ ፕላነር ደግሞ የጎግል ማስታወቂያ መሣሪያ ነው። እዚያ ላይ ውድድር የሚለው በዚያ ቃል ማስታወቂያ ለማስወጣት አስተዋዋቂዎች ምን ያህል እንደሚሻሙ ነው። ከፋይ ከሌለ ዝቅተኛ ይላል፣ አለቀ። ሳትከፍዪ በራስሽ ገጽ ለመውጣት ምን ያህል እንደሚከብድ አያወራም። እንዲያውም «ከፍተኛ» ያለውን ቃል አትናቂው፣ ሰው ገንዘብ የሚያወጣበት ቃል ከጀርባው ገዢ አለው።

ጎግል ለአንድ ቃል የሚሰጠው «ይሄን ያህል ሚሊዮን ውጤት» የሚለው ቁጥርም አያስደንግጥሽ። ባቲ ሰኞ ገበያ ስንት ሰው እንደወጣ ማወቅ ምን ያደርግልሻል? ያንቺን ዕቃ ይዞ አጠገብሽ የተቀመጠው ማነው ነው ጥያቄው። ጎግል ላይም አብዛኛው ሰው ከመጀመሪያው ገጽ አያልፍም፤ ውድድርሽ እዚያ ያሉት አሥር ገጾች ናቸው።

ስለዚህ ብሮውዘርሽን በግል መስኮት (ኢንኮግኒቶ) ክፈቺና ቃሉን ራስሽ ጻፊው። «ላሊበላ ሆቴል» በእንግሊዝኛ ስትዪ ቡኪንግ፣ ትሪፕአድቫይዘርና የጎግል ካርታ ይደረደራሉ። እነሱን በአንድ ገጽ አትገለብጫቸውም። ግን ካርታው ላይ መግባት ትችያለሽ፣ ያውም በነፃ! ማረፊያችሁ ጎግል ካርታ ላይ በስማችሁ ካልተመዘገበ፣ ፎቶና ስልክ ከሌለው፣ ከኪወርዱ በፊት እሱን ጨርሱ።

ሌላ ቃል ስትሞክሪ ደግሞ እያንዳንዱን ውጤት ከፍተሽ አንብቢው። በትክክል ለጥያቄው መልስ ይሰጣል? መቼ ነው የተጻፈው? የፌስቡክ ፖስት፣ ዓመታት ያለፈው የጉዞ ማስታወሻ፣ ወይም ቃሉን በርዕሱ ላይ እንኳን ያልያዘ ገጽ አንደኛው ገጽ ላይ ካየሽ እዚያ ክፍተት አለ። እኔ ከማንኛውም ቁጥር በላይ የማምነው ይሄንን ነው።

ለምሳሌ ስለ 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ታሪክ መጻፍ አምሮሽ ከሆነ ተይው። ቅርሱ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ዩኔስኮም ዊኪፒዲያም ቦታውን ይዘውታል። ግን ለገና፣ ለታኅሣሥ 29 የሚመጣውን ሰው አስቢው። ማረፊያ መቼ ነው የሚያልቀው? ከወልድያ መኪና በስንት ሰዓት ይወጣል? ይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ በአንድ ቀን መመለስ ይቻላል ወይ? ዊኪፒዲያ ታሪኩን ይነግረዋል፣ ቡኪንግ አልጋውን ይሸጥለታል፤ ይሄን ግን የምታውቁት እናንተ እዚያው ያላችሁት ናችሁ። የሚፈልገው ሰው በቁጥር ጥቂት ሊሆን ይችላል፣ ግን ሻንጣውን እያዘጋጀ ያለ ሰው ነው፤ ለእንግዳ ማረፊያ ከዚህ የተሻለ ጎብኚ የለም።

በአማርኛ ስትጽፊ ፊደሉን አትርሺ። ሐይቅ ከተማ ላለ አንድ ደንበኛ ስሠራ «ሐይቅ»፣ «ሀይቅ»፣ «ሃይቅ» እያልኩ ሦስቱንም አያለሁ፤ የሚወጡት ገጾች ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። አንዱ አጻጻፍ ላይ የተጨናነቀው ሌላው ላይ ክፍት ሆኖ ታገኚዋለሽ። ይምርሐነ ክርስቶስንማ ሰው እንደመሰለው ነው የሚጽፈው። አማርኛውን በላቲን ፊደል የሚጽፍም ብዙ ነው፣ እሱንም ሞክሪው። ደግሞ አንቺ ላሊበላ ሆነሽ የምታዪው ውጤት እንግዳሽ ከሚያየው ይለያል፤ ውጭ ያለ ዘመድ ካለሽ ቃሉን ጽፎ ስክሪንሾት ይላክልሽ።

አህሬፍስ የሚባለው የኪወርድ መመርመሪያ መሣሪያና መሰሎቹ በአንድ ቃል መውጣት ምን ያህል እንደሚከብድ ብለው ከ0 እስከ 100 የሚሰጡት ቁጥርስ ካልሽኝ፣ መነሻ ይሆናል እንጂ አይፈርድም። የአህሬፍስ ቁጥር በዋናነት አሥሩ ገጾች ከስንት ዌብሳይት ሊንክ እንዳገኙ ነው የሚቆጥረው፤ ሌላው መሣሪያ በራሱ መንገድ ያሰላል፤ አንዱም ከጎግል የመጣ አይደለም። ለአማርኛ ቃል ደግሞ ብዙ ጊዜ በቂ መረጃ የላቸውም። 0 ስላለ ባዶ ሜዳ ነው ብለሽ አትሩጪ።

ገጹን ካወጣሽ በኋላ ሰርች ኮንሶል ከሚባለው የጎግል መሣሪያ ጋር አገናኚው፣ ነፃ ነው። በየትኛው ቃል እንደታየሽና በአማካይ ስንተኛ እንደሆንሽ ያሳይሻል። ጥቂት ወር ጠብቂ። ከ8 እስከ 20 ባለው ውስጥ የገባሽበት ቃል ካለ ጉልበትሽን እዚያ ላይ አፍስሺ፤ ያንን ገጽ አስፊው፣ ፎቶ ጨምሪ፣ ከሌሎቹ ገጾችሽ ሊንክ ስጪው። 70ኛ ላይ የቆመውን ለጊዜው እርሺው።

በመሀል «አንደኛ አወጣሻለሁ፣ ዋስትና እሰጣለሁ» የሚል ሰው ከመጣ ገንዘብሽን ያዢ። ጎግል ራሱ ማንም አንደኛነትን ዋስትና ሊሰጥ አይችልም ብሎ ጽፏል፤ ሊንክ ገዝቶ ደረጃ ማሻሻልንም ይከለክላል። ሲነቃበት የሚጎዳው ያንቺ ገጽ ነው፣ የሰውዬው አይደለም።

አሁን እንግዶቻችሁ ስልክ ደውለው የሚጠይቋችሁን ጥያቄዎች በራሳቸው አነጋገር ጽፈሽ እዚሁ ለጥፊልኝ። አንድ በአንድ ሰርች እያደረግን የትኛው ክፍት እንደሆነ አብረን እናያለን።