አምፖሉ ከረንት "ይበላል" ለሚሉ ልጆች

ሰላም እህቴ። "የ10ኛ ክፍል ልጆቼ ቮልቴጅን ለሬዚስታንስ አካፍለው ከረንት ያወጣሉ፣ ከረንት ምንድን ነው ስላቸው ግን ዝም ይላሉ፤ ሲሙሌሽን ይረዳል ወይስ ጊዜ ማጥፋት ነው?" ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ሀዋሳ ነው የማስተምረው። ይረዳል። ግን መጀመሪያ የተበላሸብኝን ልንገርሽ።

የምጠቀመው ፌት (PhET) የሚባለውን፣ ሙከራውን በስክሪን ላይ አስመስሎ የሚያሠራ ሲሙሌሽን ነው። የኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ ነው የሚያዘጋጀው፣ የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው፣ ደግሞ በነጻ። ሰርኪዩት መስሪያው ላይ ባትሪ፣ ሽቦና አምፖል እየጎተቱ መገጣጠም ነው። የመጀመሪያ ቀን "በሉ ሞክሩ" ብዬ ለቀቅኳቸው። ብዙም ሳይቆይ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ለካ አንዱ የባትሪውን ሁለት ጫፍ በባዶ ሽቦ አገናኝቶ ባትሪው እሳት ይዞታል፣ ጎረቤቱም አየ፣ ከዚያ ሁሉም ስራው ባትሪ ማቃጠል ሆነ። ደወል ተደወለ። ስለ ሬዚስታንስ፣ ማለትም ከረንትን ስለሚገታው ነገር፣ ምንም የያዘ ልጅ አልነበረም። እኔም ስቄያለሁ፣ አልዋሽሽም።

አሁን ሳይገምቱ መንካት ክልክል ነው። ሁለት አምፖል በተከታታይ እሰራና ስክሪኑን ሳላሳይ እጠይቃለሁ፤ ከመጀመሪያው አምፖል በፊት፣ በሁለቱ መሃልና ከሁለተኛው በኋላ ከረንቱ የት ይበልጣል? ደብተር ላይ ይጽፋሉ። አብዛኛው "እየቀነሰ ይሄዳል፣ የመጀመሪያው አምፖል ይበላዋል" ይላል። ከዚያ የከረንት መለኪያውን አሚሜትር በየቦታው አስገባለሁ። ባትሪው 9 ቮልት፣ አምፖሎቹ 10፣ 10 ኦም ናቸው፤ ሶስቱም ቦታ 0.45 አምፒር! "ቲቸር፣ ተበላሽቷል እንዴ?" የምትል አትጠፋም። ይህቺን ጥያቄ ነው የምጠብቀው። ቮልት ሜትሩን አምጥቼ እያንዳንዱ አምፖል ላይ 4.5 ቮልት፣ የባትሪውን ግማሽ፣ ሲያዩ፣ አምፖሉ የሚወስደው ኢነርጂ እንጂ ከረንቱን እንዳልሆነ ራሳቸው ይደርሱበታል። ቀጥሎ ፓራለል፣ እያንዳንዱ አምፖል ለብቻው ከባትሪው ጋር ሲገናኝ ማለት ነው። እዚያ በየአምፖሉ 0.9፣ ከባትሪው 1.8 ይወጣል። "ባትሪ ሁሌ አንድ አይነት ከረንት ነው የሚሰጠው" የሚለው ሀሳብ እዚህ ጋ ይፈርሳል።

ተጠንቀቂ ግን፣ ሲሙሌሽኑ ራሱ የሚያሳስተው ነገር አለ። ኤሌክትሮኖቹ እንደ ኳስ ሲሮጡ ስለሚታዩ ልጆቹ ከማብሪያው ተነስተው እስከ አምፖሉ የሚጋልቡ ይመስላቸዋል። ቤታችን ባለው የመዳብ ሽቦ ውስጥ ግን በአማካይ በሰከንድ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሄዱም። ታዲያ መብራቱ ለምን ወዲያው ይበራል? ሽቦው ቀድሞውኑ ሙሉ ነው። ቧንቧው ውሃ ከያዘ ስትከፍቺው ወዲያው ይፈስሳል፤ አየር እየተፋ ሹ የሚለው ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ ብቻ ነው። ይህን ምሳሌ ማስረዳት አላስፈለገኝም፣ ሁሉም ቤት ያውቀዋል።

ኮምፒዩተር የለንም ላልሽው፣ ፋይሉ አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት በስልክ ብሮውዘር ይከፈታል። አንድ ስልክ ለአራት ልጅ ይበቃል፣ እንዲያውም እየተከራከሩ ስለሚገምቱ ይሻላል።

የሽቦ ርዝመትና ውፍረት የሚቀያየርበት ሌላ ሲሙሌሽንም አለ። እሱን ሳሳይ ከስቶቭ ነው የምጀምረው። የስቶቭ ሽቦ ሲበጠስ ሁለቱን ጫፍ ስበን ጠምዝዘን እንቀጥለው የለ? ስለዚህ ያጥራል። ሲያጥር ሬዚስታንሱ ይቀንሳል፣ 220 ቮልቱ ግን ያው ስለሆነ ከረንቱ ይጨምራል፣ ሽቦው ከበፊቱ የባሰ ይግላል። በእጅ እንዳይሞክሩ አስጠንቅቂያቸው፣ በስዕልና በስልክ ይበቃል። አምና ይህን ስናይ ከኋላ የተቀመጠ፣ አፉን ከፍቶ የማያውቅ ልጅ "ለዚህ ነዋ እናቴ በቀጠለችው ቁጥር ቶሎ ቶሎ የሚበጠስባት!" አለ።

ፋይሎቹን ማታ በቴሌግራም እልክልሻለሁ።