የካናዳው የኤሌክትሪሺያን ፈተና ዝግጅት ሐዋሳ ላይ ይጀመር

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ሐዋሳ ነው። 11 ዓመት በኤሌክትሪክ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ። የመጀመሪያውን 4 ዓመት ከኮንትራክተር ጋር ሕንፃ ላይ ሠራሁ። ከዚያ ወዲህ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ነኝ። ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ደረጃ 4 አለኝ። ባለቤቴ ቶሮንቶ ናት፤ ጉዳዬ አልቆ በጥቂት ወራት ውስጥ እሄዳለሁ። እዚያ ያለ ላይሰንስ ሽቦ መንካት አይቻልም አሉኝ። ለፈተናው እንዴት ልዘጋጅ? የኮድ መጽሐፉን በቃሌ ልያዘው?»

ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አለህ። የነገሩህ እውነት ነው። ቶሮንቶ ባለችበት በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር የግንባታና ጥገና ኤሌክትሪሺያን፣ በሙያ ቁጥሩ 309ኤ፣ ያለ ፈቃድ የማይሠራ ሙያ ነው። ወይ የብቃት ሰርተፊኬት ይኖርሃል፣ ወይ አፕረንቲስ፣ ማለትም በሥራ ላይ የሚሠለጥን ተማሪ፣ ሆነህ ትመዘገባለህ። ሲኦሲህ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ በራሱ ግን ፈቃድ አይሆንልህም።

መጀመሪያ ስኪልድ ትሬድስ ኦንታሪዮ የሚባለው መሥሪያ ቤት ልምድህን በወረቀት ይመዝናል። በቂ ነው ካለ ለፈተና እንድትቀመጥ ይፈቅድልሃል። ከአገር ቤት የሚጽፉልኝ ልጆች ሁሉ የሚጨነቁት ለፈተናው ነው። እኔ እዚህ ቶሮንቶ ብዙ ባለሙያ ሲንገላታ ያየሁት ግን ወረቀቱ ላይ ነው። ወረቀት ደግሞ የሚስተካከለው አሁን ነው፣ አለቆችህ አጠገብህ እያሉ።

የእኛን አገር የሥራ ልምድ ደብዳቤ ታውቀዋለህ። «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት፣ በወር ይህን ያህል ብር እየተከፈላቸው፣ የሥራ ግብርም እየተቆረጠ ሠርተዋል።» አንድ አንቀጽ፣ ማኅተም፣ አለቀ። ለእኛ አገር ቀጣሪ ይበቃል። ኦንታሪዮ ያለው ገምጋሚ ግን ደመወዝህ አይጠቅመውም። ማወቅ የሚፈልገው ምን ትሠራ እንደነበረና ስንት ሰዓት እንደሠራህ ነው። ኮንዲዩት (የሽቦ ማሳለፊያ ቱቦ) ዘርግተሃል? ፓኔል ገጥመሃል? የሞተር መቆጣጠሪያ ፓኔል ከድሮዊንግ አንብበህ ሠርተሃል? ትራንስፎርመር አገናኝተሃል? ብልሽት የምትፈልገው በምን መሣሪያ ነው? እያንዳንዱ በደብዳቤው ላይ በግልጽ ይጻፍ። ከታች የፈረመው ሰው ስም፣ የሥራ ድርሻው፣ ዛሬም የሚሠራ ስልክና ኢሜይል ይኑርበት።

ዝርዝሩን ከየት አመጣለሁ ካልክ፣ ሬድ ሲል የሚባለው የካናዳ የሙያ ፕሮግራም ለኮንስትራክሽን ኤሌክትሪሺያን ያወጣው የሙያ ደረጃ ሰነድ ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ። አውርደው። ከሱ ውስጥ በእጅህ የሠራኸውን ብቻ ምረጥ፣ ረቂቁን አንተው ጻፍ፣ ለአለቃህ አሳየውና አስፈርም። ያልሠራኸውን አንድ መስመር እንኳ አትጨምር። ደውለው ሊጠይቁ ይችላሉ፤ አለቃህ «እሱን አላስታውስም» ካለ እውነተኛው ልምድህም አብሮ ይጠረጠራል።

ሰዓቱ ላይ በጣም ተጠንቀቅ። የ309ኤ ሥልጠና ከነትምህርቱ ወደ 9,000 ሰዓት ነው፤ ልምድህም የሚታየው ከዚህ አንጻር ነው። አሁን አስላው። በሳምንት 40 ሰዓት፣ በዓመት 50 ሳምንት ብንል በዓመት 2,000 ሰዓት ነው። የኮንትራክተሩ 4 ዓመት 8,000 ይሆናል። የእኛ አገር የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ግን በሳምንት እስከ 48 ሰዓት ያሠራል። በእውነት 48 ሰዓት ትሠራ ከነበረ በዓመት 2,400፣ በ4 ዓመት 9,600 ነው። ያው ሰው፣ ያው ሥራ፤ አንዱ ስሌት ከ9,000 በታች፣ ሌላው በላይ አዋለህ። ስለዚህ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሠራህ ደብዳቤው ላይ ይጻፍ። ኮንትራክተሩ ሥራውን ከዘጋ፣ የያኔውን ፎርማንህን ፈልገው። የቅጥር ውል፣ የደመወዝ ወረቀት፣ የጡረታ መዋጮ ማስረጃ፣ ያገኘኸውን ሁሉ ሰብስብ።

ቀኖቹን ወደ ፈረንጆች አቆጣጠር አስለውጣቸው። 2007 ዓ.ም. የተጀመረ ሥራ እዚህ በ2007 ተጀመረ ተብሎ ከተነበበ ዕድሜህና ትምህርትህ ሁሉ ይምታታል። ስምህም በሁሉም ወረቀት ላይ ልክ እንደ ፓስፖርትህ ይጻፍ። ትርጉሙን ፈቃድ ያለው ተርጓሚ ይሥራው።

አንድ ውሳኔ ደግሞ አለብህ። ኦንታሪዮ የኢንዱስትሪ ኤሌክትሪሺያንን 442ኤ ብሎ ለብቻው ይዞታል። የአንተ ትልቁ ልምድ ፋብሪካ ነው። ቤትና ሕንፃ ላይ መሥራት ከፈለግህ መንገድህ 309ኤ ነው፤ የሕንፃው 4 ዓመትህ በደንብ መረጋገጥ አለበት። ፋብሪካ ከሆነ ልብህ፣ 442ኤን አስብበት። ሁለቱም የሬድ ሲል ሙያዎች ናቸው፤ ያንን ማኅተም ካገኘህ ሌሎች ክፍላተ ሀገርም ይቀበሉሃል። እኔ በአንተ ቦታ ብሆን 309ኤን እሞክራለሁ። በሩ ሰፊ ነው።

ወደ ፈተናው እንምጣ። የ309ኤ፣ ማለትም የኮንስትራክሽን ኤሌክትሪሺያን፣ ፈተና 100 የምርጫ ጥያቄ ነው። 4 ሰዓት ይሰጥሃል። ማለፊያው 70 ከመቶ ነው። ለአንድ ጥያቄ ሁለት ደቂቃ ተኩል እንኳ አይደርስህም። መጽሐፉን በቃልህ አትያዘው። የካናዳ ኤሌክትሪክ ኮድ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሥራ ሕጎች መጽሐፍ፣ እዚያው ይሰጥሃል። የሚፈለግብህ መልሱ የት ገጽ እንዳለ ቶሎ ማግኘት ነው። ጎበዝ እጅ ያላቸው ሰዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ከልምዳቸው ይመልሳሉ፤ ጥያቄው ግን ከመጽሐፉ ነው።

አንድ ስሌት ላሳይህ። 150 ካሬ ሜትር መኖሪያ ቤት ነው፤ ቤዝመንት የለውም፣ ማሞቂያው ጋዝ ነው። 12 ኪሎዋት ምድጃና 5 ኪሎዋት የልብስ ማድረቂያ አለው። ጥያቄው የቤቱ ዋና መስመር ስንት አምፒር ይሁን ነው። ከመጽሐፉ ሕግ 8-200ን ትከፍታለህ። ለመጀመሪያው 90 ካሬ 5,000 ዋት። ለቀሪው 60 ካሬ፣ 90 ባይሞላም፣ 1,000 ዋት። ለምድጃው 6,000። ማድረቂያው ምድጃ ስላለ 25 ከመቶው ብቻ፣ ማለትም 1,250። ድምሩ 13,250 ዋት። ለ240 ቮልት ስታካፍለው 55 አምፒር ገደማ ነው። የለመደ እጅ 60 አምፒር ብሎ ያልፋል። እዚያው ሕግ ላይ ዝቅ ብለህ ብታነብ ግን ቤቱ 80 ካሬና ከዚያ በላይ ከሆነ ከ24,000 ዋት መውረድ የለበትም ይላል። 24,000ን ለ240 ስታካፍለው መልሱ 100 አምፒር ነው። 60 ደግሞ ከምርጫዎቹ አንዱ ሆኖ ሊጠብቅህ ይችላል።

እንዲህ ያለውን እየተለማመድክ ሂድ። ክፍል 8 የጭነት ስሌት፣ ክፍል 10 ግራውንዲንግና ቦንዲንግ፣ ክፍል 12 የሽቦ አዘረጋግ፣ ክፍል 14 መከላከያ፣ ክፍል 26 ሶኬትና ሌላ ዕቃ፣ ክፍል 28 ሞተር። ከሠንጠረዦቹ 2ኛውን፣ 5ሲን እና 8ኛውን ዓይንህ ይልመዳቸው። መጽሐፉ በየ3 ዓመቱ ይታደሳል፤ ስለዚህ ፈተናው የትኛውን እትም እንደሚጠቀም ሳታረጋግጥ አትግዛ። ስትለማመድ ሰዓት ያዝ። ጥያቄውንም በእንግሊዝኛ ሥራ። ሶኬትን ሪሴፕታክል እያለ ይጠይቅሃልና ቃሉ አዲስ እንዳይሆንብህ።

እጅህ የለመደው አንዳንድ ነገር ደግሞ ይገለበጣል። እዚህ ነጭ ሽቦ ኒውትራል ነው፤ ጥቁሩ ፌዝ ነው። ጥቁርን ኒውትራል አድርጎ ለለመደ ሰው ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። ቤት ውስጥ 120/240 ቮልት ነው፤ ትልልቅ ሕንፃና ፋብሪካ ላይ 347/600 ታገኛለህ። ፍሪኩዌንሲው 60 ሄርዝ ስለሆነ በ50 ሄርዝ 1,500 ዙር የምታውቀው ባለ 4 ፖል ሞተር እዚህ 1,800 ነው። የሽቦ ውፍረት በካሬ ሚሊ ሜትር ሳይሆን ኤደብልዩጂ በሚባለው የአሜሪካ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል። 14 ቁጥር ለ15 አምፒር፣ 12 ቁጥር ለ20 አምፒር። ከረንት ሲያፈስ የሚቆርጠው፣ እኛ 30 ሚሊ አምፒር የምናውቀው መከላከያ እዚህ ጂኤፍሲአይ ይባላል፤ 5 ሚሊ አምፒር አካባቢ ላይ ይቆርጣል። ኒውትራልና ግራውንድ የሚገናኙት ደግሞ ዋናው መግቢያ ላይ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ባለ ፓኔል ላይ ካገናኘሃቸው ተመላሹ ከረንት በግራውንዱ ሽቦና በብረቱ ላይ ይሄዳል።

ወረቀትህ አልበቃም ቢሉህ ተስፋ አትቁረጥ። አፕረንቲስ ሆነህ ተመዝገብ፤ ያለፈው ልምድህ እንዲታሰብልህም ጠይቅ። ሥራውን በሕጋዊ መንገድ እያየህ፣ እየተከፈለህ ትማራለህ። ማታ ማታ ያለ ፈቃድ ቤት ለቤት ሽቦ እንድትሠራ የሚጠራህ ሰው አይጠፋም፤ የገዛ ወገንህም ሊሆን ይችላል። እምቢ በል። ቤት ቢቃጠል ኢንሹራንስም ሕግም የሚይዘው አንተን ነው።

መሣሪያ አትሸከም። በ220 ቮልት የሚሠራ ድሪል እዚህ 120 ቮልት ሶኬት ላይ ዋጋ የለውም። ፒንሳህን ከወደድከው ያዘው። ካቻቢቴ ግን እዚሁ ግዛ፤ የካናዳ ብሎን ብዙው ሮበርትሰን የሚባለው፣ ጭንቅላቱ ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው ነው።