«ሁሉንም አራት በይው» ለተባለች እኅት

ውድ እኅቴ፣

«ጋሼ» ብለሽ የጻፍሽልኝን ደብዳቤ ደጋግሜ አነበብሁት። በነርስነት ዲፕሎማ ተመርቀሽ ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የፊዚዮቴራፒ ክፍል እያገዝሽ እንደሆነ፣ አሜሪካ ያለችው ታላቅ እኅትሽ እዚያ «ፊዚካል ቴራፒስት አሲስታንት» (የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ረዳት) የሚባለውን ሙያ እንድትማሪ መጽሐፍ እንደላከችልሽ፣ ስለ ዳሌ፣ ስለ ጉልበትና ስለ ቁርጭምጭሚት እንቅስቃሴ፣ ስለ ጡንቻ ፍተሻና ስለ አረማመድ የሚያስተምረው ምዕራፍ ግን እንዳታከተሽ ነግረሽኛል። እግሩ ተሰብሮ ጄሶው የተፈታለትን የጣርማ በር ገበሬ ጡንቻ መርምረሽ ለጥንካሬው ደረጃ ስትሰጪም አንድ ባልደረባሽ «ጊዜ አታባክኚ፣ ሁሉንም አራት በይው» አለሽ፤ ሥራው እንዲህ ከሆነ ትምህርቱ ምን ይጠቅማል ብለሽም ጠየቅሽ።

ትምህርቱ ይጠቅማል፤ ባልደረባሽ የሰጠሽ ምክር ግን አደገኛ ነው። በአሜሪካ የፊዚካል ቴራፒስት ረዳት በተለምዶ የሁለት ዓመት የኮሌጅ ትምህርት ጨርሶ፣ የፈቃድ ፈተና አልፎ፣ በቴራፒስት ኃላፊነት ሥር የሚሠራ ባለሙያ ነው። የመጀመሪያውን ምርመራ አካሂዶ የሕክምናውን ዕቅድ የሚያወጣው ቴራፒስቱ ሲሆን፣ ረዳቱ ዕቅዱን ሥራ ላይ ያውላል፣ የመገጣጠሚያውን ዲግሪና የጡንቻውን ደረጃ እየለካ ይመዘግባል፣ ለውጥ ሲያይም ያሳውቃል። ቴራፒስቱ «ክራንቹን ይተው» ወይም «ገና ነው» ብሎ የሚወስነው ረዳቱ የጻፈውን ቁጥር አምኖ ነው።

የጡንቻ ደረጃ ከ0 እስከ 5 ይሰጣል። 0 ጡንቻው ጨርሶ የማይኮማተርበት፣ 1 መገጣጠሚያው ሳይንቀሳቀስ የጡንቻው መኮማተር ብቻ የሚታወቅበት፣ 2 የመሬት ስበት በማይከብድበት አቀማመጥ ሙሉ እንቅስቃሴ የሚደረግበት፣ 3 ደግሞ ስበትን አሸንፎ ሙሉ እንቅስቃሴ የሚደረግበት ነው፤ 4 እና 5 የመርማሪውን ግፊት በመጠኑ ወይም በሙሉ መቋቋምን ያመለክታሉ። እስከ 3 ያለውን ዓይን ይፈርደዋል፤ ከዚያ በላይ ያለው ግን በመርማሪው እጅ ስለሚወሰን፣ ስንፍና የሚደበቀው እዚያ ላይ ነው።

ከሁሉ የሚያታልለው የባት ጡንቻ ነው። ስንራመድ መላ ክብደታችንን የሚሸከም ብርቱ ጡንቻ በመሆኑ፣ ደክሞ እንኳ ሰውየው አልጋ ላይ ሲተኛ የመርማሪን እጅ ሊያሸንፍ ይችላል። ስለዚህ የሚፈተሸው ሕመምተኛው በአንድ እግሩ ቆሞ፣ ሚዛኑን ለመጠበቅ ያህል ብቻ ግድግዳውን በጣቱ ነክቶ፣ ጉልበቱን ሳያጥፍ ተረከዙን ደጋግሞ በማንሣት ነው፤ ብዙ መማሪያዎች 5 ለመስጠት 25 ጊዜ ያህል ሙሉ በሙሉ ማንሣት እንዳለበት ይገልጻሉ። ይህን እኔ የተማርሁት በጥፋቴ ነው። ጀማሪ ሳለሁ የአንድ አዛውንት ባት አልጋ ላይ በእጄ ገፍቼ 4 ብዬ ጻፍሁ፤ እሳቸውም ምርኩዛቸውን ትተው ወደ ቀያቸው ሄዱ። በሳምንቱ መዳፋቸው ተልጦ ተመለሱ፤ ቁልቁለት ሲወርዱ ጉልበታቸው ታጥፎባቸው ወድቀው ነበር። ቆመው ተረከዛቸውን እንዲያነሡ ስጠይቃቸው አንዴም ሙሉ በሙሉ ማንሣት አልቻሉም። ቅልጥም በእግር ላይ ወደ ፊት እንዳይደፋ የሚይዘው ባት ነውና፣ እሱ ሲደክም ጉልበት አብሮ ይከዳል።

የመገጣጠሚያ ልኬት ቁጥሮችን ማጥናት ያን ያህል አይከብድም፤ ጉልበት ወደ 135፣ ዳሌ ወደ 120 ዲግሪ ይታጠፋል ይባላል። የሚከብደው እጅን ማስለመድ ነው። ጉልበት ስትለኪ የጎኒዮሜትሩ (የመገጣጠሚያ ማዕዘን መለኪያው) መሐል በጉልበቱ የውጭ ጎን ላይ ይቀመጣል፤ አንዱ ክንዱ በጭኑ ጎን ወደ ላይኛው የጭን አጥንት ጉብታ፣ ሌላው ወደ ውጭኛው የቁርጭምጭሚት ጉብታ ያመለክታል። ጉብታዎቹን በጣትሽ ዳስሰሽ ካላገኘሻቸው፣ የምታነቢው ቁጥር ግምት ነው። የቁርጭምጭሚቱን ወደ ላይ መታጠፍ ደግሞ ጉልበቱ ተዘርግቶም ታጥፎም ለኪው፤ ጉልበቱ ሲታጠፍ ልኬቱ ከጨመረ፣ የሚይዘው ጉልበትን አልፎ የሚሄደው የባት ጡንቻ ነው።

ቁጥሩንም ከሰውየው ኑሮ ጋር አገናዝቢው። በደልዳላ መሬት ለመራመድ ጉልበት 60 ዲግሪ ገደማ ቢታጠፍ ይበቃል። ነገር ግን አንዲት የመንዝ እናት ዱካ ላይ ተቀምጣ እንጀራ የምትጋግር፣ መጸዳጃ ቤት ቁጢጥ የምትል፣ በዐቢይ ጾም የምትሰግድ ከሆነች፣ ጉልበቷ 90 ደርሶ ሲቆም «ደኅና ነሽ» ብለን ብንሸኛት ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አስቀርተናታል። ከመለካትሽ በፊት ወደ ምን ሥራ መመለስ እንደምትፈልግ ጠይቂያት፤ ይህ ጥያቄ በመጽሐፍሽ ውስጥ ሰፊ ቦታ ባይኖረውም ለእኛ አገር ሰው ወሳኝ ነው።

አረማመድን በተመለከተ፣ በአንድ ዑደት ውስጥ፣ ማለትም አንድ እግር መሬት ከነካ ጀምሮ ያው እግር ዳግመኛ እስኪነካ፣ እግር 60 በመቶ ያህሉን ጊዜ መሬት ላይ፣ 40 በመቶ ያህሉን በአየር ላይ ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለማየት አትሞክሪ፤ በአንድ ዙር ዳሌን ብቻ፣ በሌላው ጉልበትን፣ ከዚያ እግርን ተመልከቺ። ሰውየው በቀኝ እግሩ ሲቆም የግራ ዳሌው ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ፣ የቀኙ ዳሌ የጎን ጡንቻ ደክሟል ብለሽ ጠርጥሪ። እግሩ መሬት እንዳይጎተትበት ጉልበቱን ከልክ በላይ እያነሣ የሚራመድ ከሆነ ደግሞ፣ እግርን ወደ ላይ የሚያነሡትን የቅልጥም ጡንቻዎች ፈትሺ። በደብረ ብርሃን ብርድ ሰው ጋቢውን ደርቦ ስለሚመጣ ይህ ሁሉ ይሸፈናል፤ ክፍሉን አሙቂ፣ ምክንያቱን በአክብሮት አስረጂ፣ ከዚያ ጋቢውን አስቀምጦ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ እንዲሰበስብ ጠይቂው።

ለልምምድ የቤተሰብሽን ጤነኛ ጉልበት በተለያየ ቀን ለኪ፣ የቀድሞውን ቁጥር ሳታዪም አዲሱን ጻፊ። ልዩነቱ ከ5 ዲግሪ የማይበልጥ ሲሆን እጅሽ እየተገራ ነው።

የትምህርቱን መንገድ በተመለከተ፣ አሜሪካ መሄድሽ የተቆረጠ ካልሆነ በዚያ ሙያ ላይ ተስፋሽን ሁሉ አትጣይ፤ እዚያ ፈቃዱን የሚሰጡት ግዛቶቹ ናቸው፣ የነርስነት ዲፕሎማሽም የረዳትነቱን ትምህርት አይተካም። እዚሁ የምትኖሪ ከሆነ በፊዚዮቴራፒ የመጀመሪያ ዲግሪ ብትይዢ እመርጣለሁ፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ከሚሰጡት አንዱ ስለሆነ የመግቢያ መስፈርቱን ከሬጅስትራሩ ጠይቂ።

የጣርማ በሩን ገበሬ ግን አታቆዪው። በእግሩ ሙሉ ክብደቱን እንዲያሳርፍ ሐኪሙ መፍቀዱን አረጋግጪ፤ ከተፈቀደለት ግድግዳ አጠገብ አቁመሽ ተረከዙን እንዲያነሣ ጠይቂው፣ በደኅናው እግሩም አስደግሚው። ስንት ጊዜ እንዳነሣ ቁጠሪና ሁለቱንም ቁጥር ካርዱ ላይ ጻፊ።