ክረምቱ ሳይገባ ቤቱንም ውሉንም እዩ

ጤና ይስጥልኝ ልጆች፣

ስለ ኢንሹራንስ የሚጻፈው ወይ ማስታወቂያ ነው ወይ ሕግ። ሁለቱንም እስከ መጨረሻው የሚያነብ ሰው ብዙ አላየሁም። እኔ ቁጭ ብለን ብናወራ እንደምላችሁ ልጻፈው። የሥራ ዕድሜዬን የጨረስኩት የተቃጠለ፣ የፈረሰና ውሃ የገባበት ቤት እየዞርኩ ጉዳት ስገምት ነው። ነገሬ ትንሽ ጨለም ያለ ከመሰላችሁ ከሥራው ነው፤ ደህና የከረመ ቤት እንዳይ ማንም ጠርቶኝ አያውቅም።

የምጽፈው እዚህ ጎንደር አዲስ ጎጆ ለወጣችሁ ነው። አዘዞ ተከራይታችሁ የምትኖሩ፣ ማራኪ አካባቢ ብሎኬት ቤት የጀመራችሁ፣ ፒያሳ ጀርባ የአያት ቤት የወረሳችሁ፣ ሁላችሁም። ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው። እኔ ካየሁት፣ ክረምት ቤት ላይ ከሚያደርሰው ጉዳት ብዙው ኢንሹራንስ የማይከፍለው ዓይነት ነው። የሚከፍለውንም ቢሆን ሰው ውሉን ሳያይ ስለሚፈርም ጎዶሎ ይቀበላል። ስለዚህ ግንቦት ላይ ቤቱንም ወረቀቱንም አንድ ላይ እዩ። ሐምሌ ላይ ጎርፍ ሳሎን ከገባ በኋላ «ኢንሹራንስ ልግባ» ማለት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ከወረቀቱ እንጀምር። አብዛኞቻችሁ ኢንሹራንስን የምታውቁት በመኪና ነው፣ የሦስተኛ ወገኑ በአዋጅ ግዴታ ስለሆነ። ለቤት ማንም አያስገድዳችሁም፣ ከባንክ ካልተበደራችሁ በቀር። ባንኩ ሲያስገድዳችሁ ደግሞ በመጀመሪያ የሚጠብቀው የራሱን ብር ነው። ውሉ በብድሩ ልክ ነው ወይስ በቤቱ ልክ ብላችሁ ጠይቁ፤ ልዩነቱን የምታውቁት አደጋ ሲደርስ ብቻ እንዳይሆን።

እዚህ አገር ለቤት የተለመደው ውል «የእሳትና መብረቅ» የሚባለው ነው። ጎርፍ፣ ማዕበልና ነፋስ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ የቧንቧ መፈንዳት፣ ሁከት፣ እነዚህ ጥቂት ጨምራችሁ በጽሑፍ የምታስገቧቸው ናቸው። ሰብሮ መግባትና ስርቆት ለብቻው ሌላ ውል ነው። ጦርነት በመደበኛው ውል የለም። የፖለቲካ ሁከትና ሽብር የሚባለውን ለብቻ የሚሸጡ ኩባንያዎች አሉ፣ እና በዚህ ጊዜ ጎንደር የሚኖር ሰው ይህን ሳይጠይቅ ባይፈርም ደስ ይለኛል። ሻጩ «ሁሉንም ይሸፍናል» ካላችሁ «የቱ ገጽ ላይ?» በሉት። በትህትና ነው ታዲያ፣ እሱም እንጀራው ነው።

መብረቁን አትናቁት። የከተማችን የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያው ሕንፃ፣ አፄ ኢያሱ ያሠሩት፣ የጠፋው በመብረቅ ነው ይባላል። ከተማችን ከፍታ ላይ ናት፣ ነጎድጓዷም እንደምታውቁት ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ ጨምሮ ፍሪጃችሁን ቢያቃጥለው መብረቅ መታው ማለት አይደለም፤ በተለመደው የእሳት ውል እንዲህ ያለው አይከፈልም። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ፍሪጅና ቴሌቪዥኑን ከሶኬት ንቀሉ፣ ሲመለስም ትንሽ ቆይታችሁ ሰኩ። ከዚህ የረከሰ ኢንሹራንስ የለም።

አሁን ብዙ ሰው የሚጎዳበትን ልንገራችሁ፣ ትንሽ ሒሳብ ስላለው ታገሡኝ። ቤታችሁ ፈርሶ እንደገና ቢሠራ 4 ሚሊዮን ብር ይፈጃል እንበል። እናንተ አረቦኑ፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የምትከፍሉት ክፍያ፣ እንዲቀንስ ብላችሁ፣ ወይም ውሉን ከዓመታት በፊት በነበረው ዋጋ ዝም ብላችሁ እያሳደሳችሁ፣ በ2 ሚሊዮን አስገባችሁት። ከዚያ ማድ ቤት ተቃጠለና የ1 ሚሊዮን ጉዳት ደረሰ። «2 ሚሊዮን ገብቻለሁ፣ 1 ሚሊዮኑ ይከፈለኛል» ትላላችሁ። አይከፈላችሁም። ያስገባችሁት የቤቱን ግማሽ ስለሆነ የሚከፈላችሁም የጉዳቱ ግማሽ፣ 500 ሺህ ነው፤ ከዚያም ላይ ኤክሰስ የሚሉት፣ ከኪሳችሁ የምትችሉት ድርሻ ይቀነሳል። ሰው ቢሮ ገብቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚናገረው በዚህ ጊዜ ነው። ኩባንያው ግን አላጭበረበረም፣ ውሉ እንዲህ ነው የሚለው። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከዚያ በፊት የተጻፈ የቤት ግምት ሁሉ እንደገና መታየት አለበት። የሲሚንቶውን፣ የብረቱንና የቆርቆሮውን ዋጋ እናንተ ከእኔ ታውቁታላችሁ። በየዓመቱ ከማሳደሳችሁ በፊት የምታምኑትን ግንበኛ ወይም ኮንትራክተር «ይህ ቤት ዛሬ ቢሠራ ስንት ይፈጃል?» በሉት።

በተቃራኒው ደግሞ የቤቱን መሸጫ ዋጋ የሚያስገባ አለ። ፒያሳ አካባቢ ያለ ቤት ውድ የሆነው ከግድግዳው ይልቅ በቦታው ነው። ቦታው አይቃጠልም። ኢንሹራንስ የሚከፍለው ቤቱን መልሶ ለማቆም የሚያስፈልገውን እንጂ ደላላ የሚጠራውን ዋጋ አይደለም፤ አብዝታችሁ ብታስገቡ አረቦኑን በከንቱ ትከፍላላችሁ።

ተከራዮች፣ የአከራያችሁ ውል የእናንተን አልጋ፣ ላፕቶፕና ሶፋ አይመለከትም። የቤት ዕቃ ለብቻው ማስገባት ይቻላል። ይኸው ነው።

አሁን ወደማይከፈለው እንምጣ። ኢንሹራንስ የሚሸፍነው ድንገት የደረሰ አደጋን ነው። ዝገት፣ ምስጥ፣ እርጥበት፣ በየክረምቱ ጠብ ጠብ የሚል ጣራ፣ እነዚህ የባለቤቱ ናቸው። የእኛ አገር ጭቃ ቤት ደግሞ የሚያልቀው በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው። ከላይ ጣራው ያፈሳል፣ ከታች የግድግዳው እግር ውሃ ይጠጣል፣ እንጨቱ ከውስጥ ይበሰብሳል፣ አንድ ነሐሴ ላይ ዘመም ይላል።

ጣራውን እንዲህ እዩት። ፀሐይ ጠንከር ባለችበት ሰዓት፣ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፍታችሁ፣ ኮርኒሱ ውስጥ ብቅ በሉ። የላላው የሚስማር ቀዳዳ ሁሉ የብርሃን ነጥብ ሆኖ ይታያል። ውሃ ከገባበት ቀዳዳ ቀጥ ብሎ አይወርድም። ሞራሌውን ይዞ ቁልቁል ይሄድና ሌላ ቦታ ይንጠባጠባል። ስለዚህ አቡጀዲው ላይ ጠርዙ ቡናማ የሆነ ክብ ካያችሁ ቀዳዳው ከክቡ በላይ ላይሆን ይችላል፤ ወደ ጣራው አናት ከፍ ብላችሁ ፈልጉት። ብዙ ሰው ከክቡ በላይ ያለውን ቆርቆሮ ይለጥፍና ሐምሌ ሲመጣ ይገረማል። የሚስማሩ ጎማ ደርቆ ከተሰነጠቀ ደግሞ ሚስማሩን መልሶ መምታት አያዋጣም፤ ቆርቆሮው ይሰረጉድና ውሃ ይቋጥራል። ነቅላችሁ ወፈር ያለ፣ ጎማው አዲስ የሆነ ሚስማር ምቱበት። ከጣራው ጠርዝ ጀምሩ፣ ነፋስ ቆርቆሮ መገንጠል የሚጀምረው ከዚያ ነው። እዚያው እያላችሁ አይጥ የላጠችው ሽቦ ካለ እዩልኝ። እሱ የክረምት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

አሸንዳውን ጥረጉ። ከአሸንዳው የሚወርደው ውሃ ግድግዳው ሥር እንዳይቆም ቦይ አበጁለት። ቦዩ ወደ ጎረቤት እንዳይሄድ፣ የግንቦት ቦይ የሐምሌ ክስ ይሆናል።

ስለ ድጋፍ ግንብ ለብቻው ልናገር፣ ጎንደር ተዳፋት ስለሆነች ግማሹ ግቢ ያለ ድጋፍ ግንብ አይቆምም። ግንብ የሚወድቀው ዝናቡ በጀመረ ሰሞን ሳይሆን ነሐሴ ላይ ነው፣ ከኋላው ያለው አፈር ጠጥቶ ጠጥቶ ሲከብድ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ግንቡ ላይ ውሃ የሚወጣባቸው ቱቦዎች ይኑሩ፣ ያሉትም ይከፈቱ። ባለቤቱ ጭቃ ይወጣል ብሎ በሲሚንቶ የደፈናቸውን ቱቦዎች አይቻለሁ፣ የወደቀውም ያው ግንብ ነበር። ግንቡ ሆዱን ከነፋ ወይም አዲስ ስንጥቅ ካወጣ ልጆችን ከሥሩ አርቁ፣ አስተኛኘታችሁንም ወደ ሌላኛው ክፍል አዙሩ። የመሬት መንሸራተትም ሆነ የአጥር ግንብ ውሉ ላይ በስም ካልተጻፈ ይከፈለኛል ብላችሁ አትተኙ። አንገረብና ቀሃ ወንዝ ዳር ያላችሁት ደግሞ የጎርፉን ሽፋን ጠይቁ፤ ኩባንያው ባለሙያ ልኮ ቦታውን ሊያይ ይችላል፣ ለዚህም ነው ቀደም በሉ የምለው።

እሳት። ከቤት ዕቃ ሁሉ የምፈራው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ምጣድ ከ3,000 እስከ 3,500 ዋት ይበላል፣ በ220 ቮልት ሲሰላ ከ14 እስከ 16 አምፔር ገደማ ማለት ነው። ይህን በቀጭን ኤክስቴንሽን፣ ያውም ስልክ ቻርጀርና ማንቆርቆሪያ በተሰካበት፣ ስትጋግሩ ሽቦው ምንጣፍ ሥር ሆኖ ይግላል። ጋግራችሁ ስትጨርሱ አጥፍታችሁ ሶኬቱን በእጃችሁ ዳሰስ አድርጉት። ከሞቀ፣ ፕላስቲኩ ከጠቆረ ወይም ያ የሚታወቀው የተቃጠለ ሽታ ካለው ዛሬውኑ አስቀይሩት። ለምጣዱ ከቆጣሪው ራሱን የቻለ ወፍራም መስመርና ብሬከር አስዘርጉለት። ብሬከሩ ቶሎ ቶሎ ወረደ ብላችሁ ትልቅ አትግጠሙ፣ በቫልቮላ ፋንታም ሽቦ አትጠምዝዙ፤ እየጮኸ ያለው ለእናንተ ነው።

ከሰልን በተመለከተ ቀልድ የለኝም። ሐምሌ ማታ ብርዱ ሲከፋ በርና መስኮት ተዘግቶ፣ ክፍተቱ በጨርቅ ተወትፎ፣ የከሰል ምድጃ መኝታ ቤት ይገባል። አራስ ቤት ሲሆን ይብሳል፤ ለሕፃኑ ሙቀት፣ ጨርቁም እንዲደርቅ ተብሎ። ጭሱ አልቆ ፍሙ የቀላ ከሰል ደህና ይመስላል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ነው፣ ሰውም ደክሞኝ ነው ብሎ ይተኛል። ከውጭ ይቀጣጠል፣ ቡናው በር ተከፍቶ ይፈላ፣ ከመተኛት በፊት ምድጃው ከቤት ይውጣ። ለአራሷ ብርድ ልብስ ጨምሩላት። እናቶች «እኛ እንዲሁ ነው ያደግነው» ቢሏችሁም እሺ እማዬ እያላችሁ ምድጃውን አውጡት።

ሲሊንደር ጋዝ ከሸተታችሁ ደግሞ መብራት አታብሩ፣ አታጥፉም። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል። በር ክፈቱ፣ ሲሊንደሩን ዝጉ፣ ውጡ።

በጋም የራሱ አለው። ለጥምቀት፣ ከጥር 10 ጀምሮ ቤቱ በእንግዳ ይሞላል፣ ኤክስቴንሽኑም ይበዛል፣ ከዚያ ሁሉም ግልብጥ ብሎ ወደ ፋሲል መዋኛ ይሄዳል። ድስት ተጥዶ የሚረሳውም፣ ሌባ የሚመጣውም ያን ጊዜ ነው። አንድ ሰው ቤት ይቅር፤ ታቦት ሲገባ ተራ ትቀያየራላችሁ።

ዕድራችሁን ደግሞ ኢንሹራንስ ገባሁ ብላችሁ እንዳትተዉ። ኩባንያው ድንኳን አይተክልም፣ ሌሊት ባልዲ ይዞም አይሮጥም። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የገባችሁ ካላችሁም ማሳደሻው ሳያልፋችሁ ክፈሉ። ሰው ካልታመመ አያስታውሰውም።

የመጨረሻው ስለ ካሳ ማመልከቻው ነው። ዛሬ ማታ ስልካችሁን ይዛችሁ ከበር እስከ ጓዳ እየዞራችሁ ቪዲዮ ቅረጹ፣ ቁም ሣጥኑንም ከፍታችሁ። ቪዲዮውን፣ የውሉንና የደረሰኞቹን ፎቶ ጨምራችሁ ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ በቴሌግራም ላኩት፤ ስልኩም አብሮ ሊቃጠል ይችላል። አደጋ ከደረሰ ለኩባንያው ቶሎ አሳውቁ፣ የንግድ ሕጉ ቢበዛ 5 ቀን ነው የሚሰጣችሁ። እሳት ወይም ስርቆት ከሆነ ከፖሊስ ማስረጃ ያዙ። ጉዳቱ እንዳይሰፋ የማድረግ ግዴታ የእናንተ ነው፤ ጣራው ከተገነጠለ ሸራ አልብሱት፣ ዕቃውን ወደ ደረቅ ቦታ አውጡ፣ ለሸራው የከፈላችሁበትንም ደረሰኝ ያዙ። ግን ገማች እስኪመጣ ቤቱን እንዳታጸዱለት። እንግዳ መጣ ብላችሁ የተቃጠለውን ሁሉ ጠርጋችሁ፣ ወለሉን አጥባችሁ ቡና አፍልታችሁ ብትጠብቁት፣ ቡናውን ይጠጣል፣ የሚገምተው ግን አያገኝም።